ምልክቱና የመምህሩ ድምፅ፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን አባቶች፣ የኔታዎች፣ ከየጉባኤ ቤቱ የመጣችሁ ደቀ መዛሙርት፣ ከአገር ውስጥም ከባሕር ማዶም የተገኛችሁ የማኅበራችን አባላት፤ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

ማይ ኪራሕ ላይ እየወደቀ እየተነሣ ዛፉን ስለ ወጣው ትል፣ የንጉሥ ገብረ መስቀል ጦር የቅዱስ ያሬድን እግር ወግቶ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ሳይሰማቸው ስለ ቆዩበት ሰዓት በዚህ አዳራሽ ብተርክ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ስለዚህ ዘንድሮ በአንድ ነገር ላይ ልቆይ፤ በድጓው፣ ማለትም በቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ፣ ፊደል ራስ ላይ በሚጻፈው የዜማ ምልክት። ማኅበራችን ብራና ፎቶ ያነሣል፣ ይተይባል፣ የመምህራንን ድምፅ ይቀዳል። ሦስቱም ሥራዎች የሚበላሹት ምልክቱ ምን እንደ ሆነ፣ ምንስ እንዳልሆነ የተሳተን ዕለት ነው።

ድጓ ያለ ምልክት ብዙ ዘመን ኖሯል። ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊት የተጻፉት የዜማ ብራናዎች ቃሉን እንጂ ምልክቱን አይዙም፤ ዜማው ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሲሻገር ነበር። ምልክቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት፣ ቦታውም ተድባበ ማርያም እንደ ነበረ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ዘመኑን ልብ በሉልኝ። የግራኝ አሕመድ ጦርነት ያበቃው በ1543 እ.ኤ.አ. ነው። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ መጻሕፍት ጠፍተዋል፣ መምህራን አልቀዋል። በአፍ ብቻ የሚኖር ትምህርት አንድ ትውልድ ከመካከል ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። እነዚያ ሊቃውንት ምልክቱን ያዘጋጁት ዜማውን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ከመጽሐፍ እንዲለቅመው አልነበረም፤ ከመምህሩ የተማረው ሰው እንዳይጠፋበት ነው። ምልክት ማስታወሻ ነው። ይህን የሚያስተው ሰው ነው ኋላ ላይ «ድጓው ተተይቧል፣ ዜማው ድኗል» የሚለው።

ስምንቱን ዋና ምልክቶች እንያቸው። ይዘት ድምፁን ያዝ አድርጎ መርገጥ ነው፤ ሲጻፍ አንዲት ነጥብ ናት። ደረት ድምፁን ወደ ደረት አውርዶ በወፍራሙ ማለት ነው። ድፋት ይደፋዋል፣ ቅናት ያነሣዋል። ሂደት ሳያቋርጥ ያስኬደዋል፣ ጭረት እያንሸራተተ ይጭረዋል፣ ቁርጥ ይቆርጠዋል። ርክርክ ደግሞ ተከታትለው የተጻፉ ነጥቦች ሆኖ ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል። መምህራን ስሞቹን ከጌታ ሕማማት ጋር አዛምደው ያመሠጥሯቸዋል፤ ይዘት መያዙን፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን ነጠብጣብ። ይህ ምሥጢር ለስብከት ማሳመሪያ ብቻ የተነገረ አይመስለኝም። ተማሪው እያንዳንዱን ምልክት በልቡ የሚያስርበት ገመድም ነው።

ታዲያ ስንት ይደፋ? ስንት ጊዜ ይርከርከር? ከየትኛው ከፍታ ተነሥቶ የት ይረፍ? ይህን ምልክቱ አይናገርም። በግዕዝ ዜማ ያለ ድፋትና በአራራይ ዜማ ያለ ድፋት በብራናው ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በመምህሩ አፍ ግን የተለያዩ ናቸው። ከሦስቱ የዜማ ስልቶች ግዕዝ ቀጥ ያለና ጠንካራ ነው፣ ዕዝል ለስለስ ይላል፣ አራራይ ስሙ እንደሚለው ያራራል። ሦስቱ በሥላሴ ይመሰላሉ፤ ግዕዝ በአብ፣ ዕዝል በወልድ፣ አራራይ በመንፈስ ቅዱስ። አንዳንድ ወጣት አባሎቻችን ሦስቱን በፒያኖ ቁልፎች ላይ ለማግኘት ሲደክሙ አያለሁ። ድካማቸውን አከብራለሁ፤ ዜማን በአምስት መስመር ኖታ መጻፍም ለጥናት ይጠቅማል። ነገር ግን የፒያኖው 12 እኩል እርምጃ በእርምጃዎቹ መካከል የሚንሸራተተውን ጭረት አይዘውም። ኖታውን ለተመራማሪ እንስጥ፤ ለሕፃን ማስተማሪያ ግን አናድርገው።

ከስምንቱ ሌላ ደግሞ የፊደል ምልክቶች አሉ፤ ከ500 ይበልጣሉ። ከቃሉ በላይ በደቂቁ የሚጻፉ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፊደሎች ናቸው፤ ከታወቀ የድጓ ቃል ተቆርጠው የወጡ ናቸው። ትርጉማቸው «እዚያ ያንን ቃል እንዳልከው እዚህም ይህን እንዲያ በለው» ነው። ምንጩን ቃል በዜማው የማያውቅ ሰው ፊደሎቹን አጥርቶ ቢያነባቸውም አንድ ድምፅ አያወጣባቸውም። እንዲያውም በትየባ ሥራ ላይ ከሚያጋጥሙ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ከዚህ የሚመጣው ነው። ጸሐፊዎች የዘለሉትን ፊደል በመስመር መካከል በደቂቁ የመጨመር ልማድ አላቸው። ዜማ ያልተማረ ተያቢ የፊደል ምልክቱን እንዲህ ያለ እርማት ይመስለውና ወደ ቃሉ ውስጥ ያስገባዋል። ቃሉም ይበላሻል፣ ምልክቱም ይጠፋል፤ ኋላ የሚያርመው ሰው ዋናውን ብራና ካላየ ስሕተቱን የሚያገኝበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የትየባ ክፍላችን ከዚህ ዓመት ጀምሮ በሁለት ዙር ይሠራል። በመጀመሪያው ዙር ቃሉ ብቻ ይተየባል። በሁለተኛው ዙር ምልክቱ ይገባል፤ ይህንንም የሚያስገባው ቢያንስ የዐቢይ ጾምን የዜማ መጽሐፍ፣ ጾመ ድጓን፣ የዘለቀ ሰው ይሆናል።

አሁን ወደ አንዲት ነጥብ ልውሰዳችሁ። በአንድ የቆየ የድጓ ገጽ ላይ፣ ከፊደሉ ራስ በላይ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር ትታያለች። ይዘት ልትሆን ትችላለች። ከመቃ ብዕሩ የተፈናጠረ ቀለም ልትሆን ትችላለች። የዝንብ እድፍ፣ ወይም ብል የበሳው ቀዳዳ ልትሆንም ትችላለች። በእጅ ስልክ ከላይ በብልጭታ የተነሣ ፎቶ አራቱን አይለይም። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ጊዜ ይነሣ። አንደኛው ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ በሚመጣ እኩል ብርሃን፣ ቢያንስ በ400 ዲፒአይ፣ ያለ ብልጭታ። ሁለተኛው ብርሃኑ ከአንድ ጎን ብቻ ብራናውን እየላሰ ሲያልፍ። በሁለተኛው ፎቶ ቀዳዳ ጥላ ይጥላል፣ እድፍ ከብራናው ከፍ ብሎ ይታያል፣ ቀለም ደግሞ ገጹ ውስጥ ገብቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። የተፈናጠረውን ቀለም ከይዘት የሚለየው ግን ፎቶ አይደለም። በገጹ ካሉት ሌሎች መስመሮች ጋር ማስተያየት፣ በመጨረሻም መምህሩን ጠይቆ «እዚህ ይያዛል?» ማለት ነው።

ፎቶው በቀለም መሆን አለበት። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ቅጂዎቹም በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ባለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ያ ሥራ ባለውለታችን ነው፤ ዋናው ብራና የጠፋበት ስንት ገዳም ዛሬ በዚያ ፊልም ብቻ መጽሐፉን ያያል። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ስለ ሆነ ቀዩ ቀለም ፈዝዞ ግራጫ ይሆናል። በድጓ ላይ በቀይ የሚጻፈው ቀላል ነገር አይደለም፤ ቅዱሳት ስሞችና የክፍሉ መጠሪያ ናቸው። ከማይክሮፊልም የምትገለብጡ ሁሉ የፈዘዘውን ጽሑፍ የተፋቀ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ወደ ኮምፒውተሩ ስንገባ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የተባለው የኮምፒውተር ፊደሎች ዓለም አቀፍ መለያ ሥርዓት በ4.1 እትሙ 10 የዜማ ምልክቶችን ተቀብሏል፤ ስምንቱን፣ አጭር ርክርክንና ደረት ሂደትን ጨምሮ። አቢሲኒካን የመሳሰሉ የፊደል ቅርጾች ይይዟቸዋል። ችግሩ ምልክቶቹ የገቡት ራሳቸውን ችለው እንደሚቆሙ ፊደሎች ነው፤ በተየባችኋቸው ጊዜ ከፊደሉ ጎን እንጂ ራስ ላይ አይወጡም። ብዙዎች ይህን ለማለፍ ምልክቶቹን በሌላ መስመር ከላይ እየጻፉ በባዶ ቦታ እየገፉ ያስተካክሏቸዋል። ኮምፒውተሩ ሲቀየር ወይም የፊደሉ መጠን አንድ ነጥብ ሲያድግ መስመሩ ሁሉ ይንሸራተታል፤ በሦስተኛው ፊደል ላይ የነበረው ቅናት አምስተኛው ላይ ይወጣል። ዓይን አይይዘውም፤ ገጹ ያምራልና። መፍትሔው ምልክቱን ከየፊደሉ ጋር የሚያስር አጻጻፍ መጠቀም ነው። ጃፓኖች በቃሎቻቸው ራስ ላይ ንባቡን በደቂቁ የሚያስቀምጡበት ዘዴ በድረ ገጽም በመጻፊያ ፕሮግራሞችም አለ፤ ለእኛም ይሠራል። በባዶ ቦታ የተገፋ ፋይል ከእንግዲህ አንቀበልም።

ስለ ፊደል ደግሞ አንድ ነገር። በአማርኛ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ ቢቀያየሩ ብዙ ሰው አይጨነቅም። በግዕዝ ቋንቋ ሰአለ ለመነ ነው፤ ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው። ለእመቤታችን «ለምኚልን» ብለን የምንጸልየውን ቃል «ሣዪልን» አድርጎ የሚያትም ማኅበር መሆን የለብንም። ንባብም እንዲሁ ነው። ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂና ሰያፍ የሚባሉት የንባብ ዓይነቶች በጽሑፍ አይታዩም፤ የሚጠብቀውና የሚላላውም አይታይም። የንባብ ቤት ትምህርቱ የላላ ሰው ዜማው ሁሉ ይንጋደድበታል፤ ምክንያቱም ምልክቱ የተቀመጠው ቃሉ በትክክል ሲነበብ ከሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን፤ ድምፅ። የአንድ መምህር ድምፅ ሲቀዳ መጀመሪያ የሚነገረው የመምህሩ ስም፣ ቀጥሎ ይትበሃሉ፣ ማለትም ዜማውን የወረሱበት የአባቶች መንገድ፣ ቀጥሎ የመጽሐፉ ገጽና የክፍሉ ስም ነው፤ መዝሙር ይሁን እስመ ለዓለም፣ አቡን ይሁን ሰላም። ይትበሃሉ ለምን? የቤተልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብርና የተጉለት ዜማ በአንድ ቃልና በአንድ ምልክት ላይ ሊለያይ ስለሚችል ነው። የቤተልሔም ተማሪ የአጫብርን ቅጂ ሰምቶ «ተሳስቷል» ብሎ ያረመ እንደ ሆነ ያጠፋው ስሕተት አይደለም፤ አንድ ሙሉ የአባቶች መንገድ ነው። ጋይንት ያለችው ቤተልሔም ድጓ ማስመስከሪያ፣ ተማሪው ድጓን ፈጽሞ የሚመሰከርባት ቦታ፣ መሆኗን ሁላችንም እናከብራለን፤ ማክበር ግን የሌላውን ማጥፋት አይደለም። ይትበሃላቸው የተቀላቀለ ቅጂዎች የማን እንደ ሆኑ ስለማይታወቅ ለማንም አይጠቅሙም።

ቀረጻው ራሱ ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። መቅጃው ከመምህሩ አፍ ሁለት ስንዝር ያህል ይራቅ፣ ከፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፤ አለዚያ ፐ እና ጰ በትንፋሽ ይፈነዳሉ። ሥፍራው ቤተ መቅደስ ወይም ባዶ አዳራሽ ባይሆን ይመረጣል፤ ገደል ማሚቶው አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ ይደርበዋልና። ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ጠባብ ክፍል ይሻላል። ፋይሉ ያልተጨመቀ፣ በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ይሁን። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት የተላከ ቅጂ ለመዝገብ አይሆንም፤ ፕሮግራሙ ይጨምቀዋል። እንደ ፋይል ይላክ።

በስልክ ለምትቀዱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አብዛኛው ስልክ ዝግተኛውን ድምፅ ራሱ ከፍ፣ ከፍተኛውን ራሱ ዝቅ ያደርጋል። ለስብሰባ ጥሩ ነው፤ ለዜማ ግን መርዝ ነው። መምህሩ ወደ ደረት ሲወርዱ ስልኩ ያነሣዋል፣ በቅናት ሲያነሡ ስልኩ ይጫነዋል፤ ደረትና ቅናት እኩል ይሆናሉ። ጫጫታ ማጥፊያው ደግሞ የደረቱን ወፍራም ጉምጉምታ ከጀርባ የሚሰማ ሞተር መስሎት ይጠርገዋል፣ ርክርኩንም ያለሰልሰዋል። ከዚያ አንድ ልጅ ይህን ሰምቶ ያጠናና መምህሩ ፊት ሲቀርብ «ደረትህ የት አለ?» ይባላል። ልጁ አላጠፋም፤ የሰማው እንዲያ ነው። ሁለቱንም ማስተካከያዎች አጥፉ፤ በስልካችሁ ማጥፋት ካልቻላችሁ በሌላ መቅጃ ቅዱ። ቅጂውን «ለማሳመር» ማስተጋቢያም ማቃኛም አትጨምሩበት። የኔታ ሲያስሉ ሳሉ ይግባ። ተሳስተው ሲመለሱም አትቁረጡት፤ የመለሱበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከፍተኛው ትምህርት ያለበት ነው።

አቋቋምን፣ ዜማው በመቋሚያ፣ በከበሮና በጸናጽል የሚቀርብበትን ሥርዓት፣ በድምፅ ብቻ መቅዳት ግማሽ ሥራ ነው። በቁም ያለ መሣሪያ ይባላል፣ በዝማሜ መቋሚያው ይንቀሳቀሳል፣ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባል፣ በጽፋት እጅ ያጨበጭባል። ሁሉንም በአንድ ካሜራ ከሩቅ ስታነሡ የሚታየው ነጭ ጥምጥም ብቻ ይሆናል። አንድ ካሜራ እጅንና መቋሚያን፣ ሌላው እግርን ይያዝ። የአቋቋሙ ስልት ላይ ቤት ይሁን ታች ቤት፣ ወይስ ተክሌ፣ በመጀመሪያው ላይ ይነገር። ከበሮውም ከድምፅ መቅጃው ይራቅ፤ አንድ ጊዜ ሲመታ የሊቃውንቱን ድምፅ ሁሉ ይውጠዋል።

የትኛውን እናስቀድም? በእኔ አስተያየት በቅዳሴ ጊዜ የሚዜመውን ዝማሬንና ለሙታን የሚዜመውን መዋሥዕትን። ድጓ በየሰንበቱና በየበዓሉ ይሰማል፤ ተማሪውም ብዙ ነው። እስከ ዝማሬ መዋሥዕት የሚዘልቀው ግን ጥቂት ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ እስከ ሆነችው ዙር አባ ድረስ ሄዶ የሚያስመሰክረው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ዝማሬ አምስት ክፍል አለው፤ ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴት፣ ምስጢር። ከነዚህ አንዱ እንኳ በተሟላ ድምፅ ከገጹ ጋር ተያይዞ በመዝገባችን እስኪገባ ሌላ አዲስ ሥራ ባንጀምር እመርጣለሁ። ሥራ አስፈጻሚው ይህን ሐሳብ ነገ ጠዋት ድምፅ እንድትሰጡበት ያቀርብላችኋል።

ስለ ቅኔ በአጭሩ።  ቅኔ ለዕለቱ ተቆጥሮ ለዕለቱ ይዘረፋል፤ ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። ጸሐፊ ከሌለ ወርቁም ሰሙም ከአየሩ ጋር ይሄዳል። በየበዓሉ አንድ አባል ዘራፊውን ካስፈቀደ በኋላ ይቅዳ፤ በማግስቱም ሄዶ ቃሉን ከነሰሙና ከነወርቁ ይጠይቅ። ሳምንት ካለፈ ባለቅኔውም ሊዘነጋው ይችላል።

በዋሽንግተን፣ በአውሮፓና በገልፍ አገሮች ያላችሁ ወላጆች ልጆቻችሁን በቅጂ እንዲያጠኑ ታደርጋላችሁ፤ ከምንም ይሻላል፣ ደግ አድርጋችኋል። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ልጁ መጀመሪያ ከሰው ይስማ፤ በስክሪንም ቢሆን ፊት ለፊት፣ መምህሩ እያቆመው። ቅጂው ከዚያ በኋላ ለማጥናት ይሁን። ከቅጂ የጀመረ ልጅ የመምህሩን እስትንፋስ መውሰጃ ሳይቀር ይቀዳል፤ ዜማው የት እንደሚከፈል ግን አያውቅም። አንዴ የለመደውን ስሕተት ማስጣል አዲስ ከማስተማር በእጥፍ ይከብዳል።

የመምህራኑም ነገር አለ። ድምፃቸውን የሰጡን አባቶች ስማቸው በየቅጂው ላይ ይኑር፤ የመጀመሪያው ቅጂ ከማኅበሩ መዝገብ በፊት ለጉባኤ ቤታቸው ይሰጥ፤ ያለ ፈቃዳቸው አይሰራጭ። ቀረጻው ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ስናቅድ የተማሪዎቹን የትምህርት ሰዓት አንውሰድ። ተማሪው አኮፋዳውን ይዞ ለቁራሹ ሲዞር ውሎ ማታ ለትምህርቱ የሚመለሰው ለእኛ መቅጃ ቦታ ለመልቀቅ አይደለም። የቅጂዎቹ ማስቀመጫ ሦስት ይሁን፤ ሁለቱ በተለያየ ዓይነት መሣሪያ፣ አንዱ በሌላ ከተማ። በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍተው ይሰሙ፤ ያልተከፈተ ዲስክ ደህና ነው ብሎ ማመን አያዋጣም።

ከምሳ በኋላ በ8 ሰዓት ሥራውን እዚሁ እናሳያለን። ግድግዳው ላይ ከአንድ የድጓ ገጽ ሁለቱም ፎቶዎች ጎን ለጎን ይታያሉ። የኔታ ገጹን ሦስት ጊዜ ይሉታል፤ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በመደበኛው፣ አንዴ ደቀ መዛሙርቱ እየተቀበሉ። ተያቢዎች ቃሉ ብቻ ያለበት፣ ምልክት ያልገባበት ወረቀት ተሰጥቷችኋል፤ እየሰማችሁ ምልክቱን ሙሉ፣ ከዚያ ከብራናው ጋር አስተያዩ። የተለያያችሁበትን ቦታ በቀይ አክብቡና ጠይቁ። ስልኮቻችሁን ዝጉ።

የኔታ፣ ወንበርዎ ተዘጋጅቷል፤ መቅጃውም ሁለት ስንዝር ርቆ ተቀምጧል። 8 ሰዓት ሲሆን ስምዎን፣ ይትበሃሉንና ገጹን ተናግረው ይጀምሩልን።